«መሬቱ ማዳበሪያ ለመደ» የሚባለው ምን ሆኖ ነው?

አጎቴ ባንጃ ውስጥ፣ ከእንጅባራ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ገብስ ይዘራ ነበር። አንድ ክረምት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ልጠይቀው ሄጄ ማሳው ዳር ቆምን። ገብሱ ከስንዝር አላለፈም። አንዱ ቦታ ደህና ሆኖ ሌላው ቦታ ወይቦና ቀጭጮ፣ ማሳው ጭርት የያዘው ራስ መስሏል። አጎቴ ዱላውን ተደግፎ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ልጄ፣ ያላደረግሁለት ነገር የለም። ዘንድሮማ ከአምናውም ጨምሬለታለሁ። ምን ታደርገዋለህ፣ መሬቱ ማዳበሪያ ለምዷል» አለኝ።

ይህን አባባል ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም ከብዙ ገበሬ አፍ ሰምቼዋለሁ። ከደጀን እስከ ዳንግላ ያልተባለበት መንደር ያለ አይመስለኝም። የዚያን ቀን ግን አንዱን ቡቃያ ከነሥሩ ነቅዬ አፈሩን አራገፍሁት። ጤነኛ የገብስ ሥር ነጭ፣ ቀጭን፣ ቅርንጫፉ የበዛ፣ አፈሩን እንደ ፈትል የሚያስር ነው። ይህኛው አጭርና ወፈር ያለ ነበር። ጫፍ ጫፉ ቡናማ ሆኖ እሳት የለበለበው ይመስላል። ወደ ታች የወረደው አራት ጣት እንኳ አይሞላም። አጎቴ የጨመረው ማዳበሪያ የትም አልሄደም፤ እዚያው አፈር ውስጥ ነበር። ገብሱ ግን የሚወስድበት ሥር አልነበረውም።

መሬት ማዳበሪያ አይለምድም። ገበሬው ያየው ነገር ግን እውነት ነው፦ ያው ማዳበሪያ፣ ያው መጠን፣ ከዓመት ዓመት የሚያንስ ምርት። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ከረጢቱንም አፈሩንም ማየት ያስፈልጋል። ከቀላሉ፣ ከከረጢቱ ልጀምር።

በከረጢት ላይ የሚታተሙት ሦስት ቁጥሮች በቅደም ተከተል የናይትሮጅን፣ የፎስፈረስና የፖታሲየም መጠን በመቶኛ ናቸው። ገበሬው ነጩ ማዳበሪያ የሚለው ዩሪያ 46-0-0 ነው። ይህም ማለት በ50 ኪሎ ግራሙ ከረጢት ውስጥ 23 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን አለ፤ ከዚያ ሌላ ሰብል የሚመገበው ነገር የለበትም። ለብዙ ዘመን የኖርንበት ዳፕ 18-46-0 ነው። ከእሱ በኋላ የመጣው ኤንፒኤስ 19-38-0 ሆኖ 7 በመቶ ድኝ ተጨምሮበታል። ስለዚህ አንድ የኤንፒኤስ ከረጢት 9.5 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን፣ 19 ኪሎ ግራም ፎስፌትና 3.5 ኪሎ ግራም ድኝ ይይዛል። በስሙ መጨረሻ «ቢ» ያለበት ደግሞ ጥቂት ቦሮን ተቀላቅሎበታል።

ሁለት ነገር ልብ ይባል። መካከለኛው ቁጥር ፎስፈረስን ከኦክስጅን ጋር እንደተጣመረ ይቆጥረዋል፤ የንጹሑ ፎስፈረስ መጠን ከዚያ ከግማሽ ያነሰ ነው። ሦስተኛው ቁጥር ደግሞ በሁሉም ላይ ዜሮ ነው። ድንች፣ ቃሪያ ወይም ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ዩሪያና ኤንፒኤስ ብቻ እየጨመረ ፖታሲየምን በየዓመቱ ከአፈሩ እያወጣ ይሸጣል ማለት ነው።

ስሌቱን በበቆሎ እንየው። ቡሬ ወይም ሜጫ ላይ ከአንድ ሄክታር 50 ኩንታል በቆሎ ቢገኝ፣ ፍሬው ብቻ 70 ኪሎ ግራም ያህል ናይትሮጅን ይዞ ከማሳው ይወጣል። በዩሪያ ሲተመን ሦስት ከረጢት ገደማ ነው። አገዳው ለከብትና ለማገዶ ሲሄድ አብዛኛው ፖታሲየም አብሮት ይሄዳል፤ ፖታሲየም ከፍሬው ይልቅ በአገዳውና በቅጠሉ ውስጥ ነውና። ለዓመታት ለማንኛውም አፈርና ለማንኛውም ሰብል ይመከር የነበረው በሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕና አንድ ኩንታል ዩሪያ በድምሩ የሚሰጠው ናይትሮጅን 64 ኪሎ ግራም ነበር። ያውም ምንም ሳይባክን ቢቀር ነው። እንግዲህ ብዙ ማሳ ለዓመታት ከሚበላው በላይ ሲሰጥ ኖሯል።

ግን የጎደለውን ሁሉ በዩሪያ መሙላት አይቻልም። ጥማድ በሬ ያረሰ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አንዱ በሬ ደንዳና፣ ሌላው ከሲታ ቢሆን ሞፈሩ የሚሄደው በከሲታው እርምጃ ነው። ደንዳናውን የቱንም ያህል ብትቀልቡት ትልሙ አይፈጥንም። ሰብልም የሚያድገው በጣም ባነሰው ምግብ ልክ ነው። ፎስፈረስ ያነሰው ማሳ ላይ ናይትሮጅን መከመር ደንዳናውን በሬ መቀለብ ነው።

በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ላይ ከሲታው በሬ ብዙ ጊዜ ማዳበሪያ አይደለም። የአፈሩ አሲድነት ነው።

አሲድነት የሚለካው ፒኤች በሚባል መለኪያ ነው። 7 መካከለኛ ነው፤ ከዚያ ዝቅ ሲል አፈሩ እየኮመጠጠ ይሄዳል። ቁጥሩ በአንድ ሲቀንስ አሲዱ በዐሥር እጥፍ ይጨምራል፤ 5 የሆነ አፈር 6 ከሆነው ዐሥር እጥፍ ይኮመጥጣል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በተለያየ ደረጃ አሲዳማ ነው። በጎጃምም ቀይ አፈር ያለበት ብዙ ቦታ፣ ባንጃና ፋግታ ለኮማ፣ ማቻከልና ጎዛምን፣ እስከ ጮቄ ተራራ ግርጌ ድረስ ችግሩ ጠንቶበታል።

ፒኤቹ ከ5.5 ሲወርድ የሚመጣው ጣጣ አሉሚኒየም ይባላል። አሉሚኒየም በማንኛውም ሸክላ አፈር ውስጥ አለ፤ ተቆልፎ ስለሚኖር ማንንም አይጎዳም። አሲዱ ሲበረታ ግን ይሟሟና ከውኃው ጋር ይቀላቀላል። ሥር የሚያድገው በጫፉ ነው፤ አሉሚኒየሙ መጀመሪያ የሚመታውም ጫፉን ነው። አጎቴ ማሳ ላይ ያየሁት የተለበለበ ሥር ይህ ነበር። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። የተፈታው አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረስን ያዝ አድርገው ተክል ሊወስደው ወደማይችል ነገር ይለውጡታል። ገበሬው በውድ ብር የገዛው ኤንፒኤስ አፈር ከነካ በኋላ ተመልሶ ይቆለፋል። ባቄላና አተር ደግሞ ሌላም ይጎድልባቸዋል፤ ከአየር ናይትሮጅን የሚያመጡላቸው ባክቴሪያዎች ኮምጣጣ አፈር ላይ ይደክማሉ።

አፈሩ ለምን እንዲህ ሆነ? ዋናው ዝናቡ ነው። የጎጃም ክረምት ረጅምና ከባድ ነው፤ ካልሲየምንና ማግኒዢየምን ለሺህ ዓመታት እያጠበ አውርዷል። ሁለተኛው እኛ ነን። እህሉን እናወጣለን፣ ገለባውን እናወጣለን፣ ፋንድያው ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ ወደ ማሳው የሚመለስ ነገር የለም። ሦስተኛው ራሱ ማዳበሪያው ነው። ዩሪያ አፈር ውስጥ ሲለወጥ አሲድ ይፈጥራል፤ አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚፈጥረውን አሲድ ለማርከስ በተለመደው ስሌት 80 ኪሎ ግራም ያህል ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይጠይቃል። ኤንፒኤስም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም።

«መሬቱ ለመደ» የሚለው አባባል ውስጥ ያለችው እውነት እዚህ ላይ ናት። ምርት ሲቀንስ ዩሪያ ይጨመራል፣ ዩሪያው አፈሩን ያኮመጥጠዋል፣ የኮመጠጠው አፈር ፎስፈረሱን ይቆልፋል፣ ምርቱ ይቀንሳል፣ እንደገና ዩሪያ ይጨመራል። ገበሬው ልክ አይቷል፤ ስሙን ብቻ ነው የሳተው። እኛ የተማርነው ደግሞ ስሙን እያወቅን በሚገባው ቋንቋ አልነገርነውም። ይህ ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል።

መድኃኒቱ የግብርና ኖራ ነው። ኖራ ሲባል ግድግዳ የሚለቀለቅበት፣ ቆዳ የሚያቃጥለው ማለት አይደለም። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩም ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም፣ ደጀን ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ገደሉ ላይ ተነባብሮ ይታያል። ሥራው ሁለት ነው፦ አሲዱን ያረክሳል፣ ታጥቦ የሄደውን ካልሲየም ይመልሳል። አሉሚኒየሙ ተመልሶ ይቆለፋል፣ ሥሩ ይወርዳል፣ የተያዘው ፎስፈረስም በከፊል ይለቀቃል።

ስንት ይጨመር የሚለውን የሚመልሰው የአፈር ምርመራ ብቻ ነው። በጣም በኮመጠጠ መሬት ላይ በሄክታር ከ2 እስከ 4 ቶን ሊታዘዝ ይችላል። በእኛ ልኬት ሩብ ሄክታር የሆነችው አንዲት ቃዳ ከ5 እስከ 10 ኩንታል ኖራ ትጠጣለች ማለት ነው። ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ኖራው ራሱ ከማዳበሪያ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው፤ መኪና የማይገባበት ቀበሌ ድረስ በአህያ ማድረሱ ነው የሚያስመርረው። ገበሬው ኖራ የማይጨምረው ስላልገባው ነው የሚሉ ሰዎች ዐሥር ኩንታል ዱቄት ዳገት ላይ ቢያወጡ ሐሳባቸውን የሚለውጡ ይመስለኛል። ሁሉንም መሬት በአንድ ዓመት ማዳረስ የማይችል ሰው ዘንድሮ አንዷን ቃዳ በሚገባ፣ ለከርሞ ሌላዋን ቢያክም፣ በሁሉም ላይ ጥቂት ጥቂት ከመበተን ይሻላል።

አጨማመሩም ሙያ አለው። ዱቄቱ የደቀቀ መሆን አለበት፤ ጠጠር የሆነው ለዓመታት ሳይሟሟ ይቆያል። ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ አፍንጫና ዓይን ተሸፍኖ፣ በእኩል ይበተናል፤ ከዚያ ታርሶ እርሻው እስከደረሰበት ድረስ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል። ላይ ላዩን የቀረ ኖራ ታች ያለውን ሥር አያድንም። ከመዝራት በፊት ቢያንስ አንድ ወር እርጥበት ባለው አፈር ውስጥ መቆየት አለበት። ከዩሪያ ጋር ባንድ ላይ ከቶ አይበተንም፤ ኖራው የዩሪያውን ናይትሮጅን ጋዝ አድርጎ ያበረዋል። በደንብ የታከመ መሬት ለአምስት ዓመት ያህል ያገለግላል፤ ከዚያ እንደገና ይለካል። ከሚገባው በላይ መጨመርም ጉዳት አለው፤ ዚንክንና ሌሎች በትንሹ የሚፈለጉ ንጥረ ነገሮችን ይቆልፋል። ድንች ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድንች ለስለስ ያለ አሲድ ይወዳል፤ ኖራ የበዛበት አፈር ላይ ልጣጩን የሚያሻክር በሽታ ይበረታበታል።

ኖራ ማግኘት ያልቻለ ገበሬ ምን ያድርግ? የጎጃም ሰው መልሱን ከድሮ ጀምሮ በእጁ ይዞታል። ግብጦ ነው። ሌላው ሰብል እምቢ ያለበት የተጎሳቆለ መሬት ላይ ግብጦ የሚዘራው በአጋጣሚ አይደለም። ግብጦን ነቅላችሁ ሥሩን ብታጥቡት እንደ ጠርሙስ መጥረጊያ ብሩሽ የተጠጋጉ ጥቃቅን ሥሮች ዘለላ ዘለላ ሆነው ታገኛላችሁ። እነዚህ ዘለላዎች በሎሚ ውስጥ ያለውን ዓይነት አሲድ ያመነጩና ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር የታሰረውን ፎስፈረስ ይፈቱታል። በዚያው ሥር ላይ ያሉት እባጮች ደግሞ ናይትሮጅን ከአየር ያመጣሉ። እባጩን በጥፍር ስትሰነጥቁት ውስጡ ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ አይሠራም። ግብጦው ለቆሎ ወይም ለአረቄ ሲሰበሰብ ሥሩና ቅጠሉ ማሳው ላይ ቢቀር ቀጥሎ የሚዘራው ጤፍ ይጠቀማል። የደጋው ሰው እንግዶ የሚባለውን የአጃ ዓይነት መዝራቱም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ኮምጣጣ መሬትን ከገብስ ይልቅ ይችለዋል።

አዊ ውስጥ በባንጃና በፋግታ ለኮማ በሰፊው የተተከለው ዲከረንስ የተባለው የግራር ዓይነት ዛፍም የዚሁ ችግር ልጅ ነው። ገብስ እምቢ ያለውን መሬት ገበሬው በዛፍ ሸፈነው፤ ዛፉ አሲዱን ይችላል፣ ናይትሮጅን ያመጣል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ መሬቱ ተመልሶ ጤፍ ይዘራበታል። አጎቴም በመጨረሻ ያደረገው ይህንኑ ነው። አልወቅሰውም፤ ብር አግኝቶበታል። ግን የገብስ ማሳ የነበረውን ቦታ ዛፍ ሞልቶት ባየሁ ቁጥር፣ ያን ጊዜ ጥቂት ኩንታል ኖራ ደርሶት ቢሆን እላለሁ።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ስለ ቀይ አፈር ነው። ቢቸናና እነማይ ላለ የጥቁር አፈር ገበሬ አብዛኛው አይመለከተውም። ዋልካ ብዙውን ጊዜ አይኮመጥጥም፤ ኖራ መጨመር ገንዘብ መጣል ነው። የእሱ ጠላት የተኛ ውኃ ነው። ውኃ ያቆረ መሬት ላይ የተበተነ ዩሪያ አየር ያጡ ባክቴሪያዎች ጋዝ አድርገው ይለቁታል። እዚያ ከማዳበሪያ በፊት የሚቀድመው ውኃውን በቦይ ማንጣፈፍ፣ ሰፋ ባለ መደብ ላይ መዝራትና ዩሪያውን ከፋፍሎ መስጠት ነው።

ከፋፍሎ መስጠት ለቀይ አፈርም ይሠራል። ፎስፈረስ ካረፈበት አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ኤንፒኤስ ሲዘራ፣ ዘሩ አጠገብ፣ ዘሩን ሳይነካ ይቀበራል። ዘሩን ከነካው ጨውነቱ ቡቃያውን ያቃጥለዋል። ዩሪያ ግን ቶሎ ሟሚና ቶሎ ጠፊ ነው። በሰኔ ሁሉንም የጨመረ ሰው፣ ገና ሦስት ቅጠል ያላወጣ በቆሎ ሳይጠቀምበት ሐምሌ ያጥብበታል። ጥቂቱ በዘር ጊዜ፣ የቀረው በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ ከግንዱ አንድ እጅ መዳፍ ያህል ተርቆ ይጨመርና አፈር ይለብሳል። አፈር ካልለበሰ፣ በተለይ ፀሐይ ወጥቶ መሬቱ እርጥብ ከሆነ፣ ናይትሮጅኑ ይበናል። ሽታው አፍንጫ ላይ የሚሰነፍጥ ከሆነ ገንዘባችሁ እየበረረ ነው። ጤፍ ላይ ዩሪያ ማብዛት ደግሞ ማሳውን ለጊዜው ያሳምርና መስከረም ላይ ያጋሽበዋል።

ቅጠሉም ይናገራል። የታችኛው፣ የቆየው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ በመሀል አጥንቱ በኩል ከወየበ ናይትሮጅን አጥሯል። ወይቦ የሚታየው የላይኛው ለጋ ቅጠል ከሆነ ድኝ ይጠረጠራል። በቆሎ ቡቃያው ወይን ጠጅ መስሎ ከቀጨጨ ፎስፈረስ ነው፤ ምናልባት ብርዱም ሊሆን ይችላል። የታችኛው ቅጠል ዳር ዳሩ የተቃጠለ ከመሰለ ፖታሲየም ነው። ነገር ግን ምልክቱ ፎስፈረስ አጠረ ሲል ፎስፈረስ የለም ማለቱ ነው ወይስ ተቆልፏል ማለቱ? ቅጠሉ ይህን አይለይም። ሥሩን ነቅሎ ማየት ያስፈልጋል።

ስለ ፍግና ስለ ኮምፖስት ሰው ሁሉ ስለሚያወራ አጭር አደርገዋለሁ። ኮምፖስት በናይትሮጅን መጠኑ ዩሪያን አይተካም፤ እተካለሁ የሚል ሰው በቆሎው ይራብበታል። ለአሲዳማ አፈር ግን ዩሪያ የማይችለውን ይሠራል፤ አሉሚኒየሙን ያስራል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ከረጢቱ ላይ ዜሮ የነበረውን ፖታሲየም ይሰጣል። የምድጃ አመድም ለጓሮ እንደ ኖራም እንደ ፖታሲየም ማዳበሪያም ያገለግላል። እናቶቻችን ጎመንና ዱባ ሥር አመድ የሚደፉት ያለ ነገር አልነበረም። እሱንም ቢሆን ከዩሪያ ጋር አታደባልቁት።

አሁን የቀረው የአፈሩን ናሙና ማንሳት ነው፤ ብዙ ምርመራ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ፣ እህሉ ከተነሣ በኋላ፣ ንጹሕ ባልዲና አካፋ ይያዛል። ማሳው እየተዟዟረ ይሄድና ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ ላይኛው ገለባ ተጠርጎ፣ ሃያ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ከየቦታው እኩል እኩል አፈር ይነሣል። አውድማ የነበረበት፣ ከብት ያደረበት፣ አመድ የተደፋበት፣ አጥር ጥግና ዛፍ ሥር ይዘለላል። ቀይና ጥቁር አፈር ያለበት ማሳ ለየብቻ ይነሣል። ሁሉም ባልዲው ውስጥ በደንብ ተደባልቆ አንድ ኪሎ ግራም ያህሉ በጥላ ይደርቅና ንጹሕ ከረጢት ውስጥ ይገባል። የማዳበሪያ ከረጢት ከሆነ ውጤቱ ሐሰት ይሆናል። የማሳው ስም፣ ምን ተዘርቶበት እንደነበር፣ ለከርሞ ምን እንደሚዘራበት በወረቀት ተጽፎ በቀበሌው የግብርና ባለሙያ በኩል ወደ አፈር ላቦራቶሪ ይላካል። ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የፒኤች ቁጥሩ ነው። ከ5.5 በታች ከሆነ የኖራው ግዢ እስከ የካቲት ይለቅ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ የበልጉ ካፊያ አፈሩን ሲያርሰው፣ ከእርሻው ጋር ይቀላቀል። የኤንፒኤሱ ወረፋ ከዚያ በኋላ ነው።